ቀይ ክር የታሰረባት ድስት

ባለፈው ጥር ጎረቤታችን ሞቱ። እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

ሩቅ ጎረቤት አይደሉም። ደሴ፣ እኔ ያደግኩበትን ቤትና የእሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። አጥሩም ጥጉ ላይ ልጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረው። ጨው ሲያልቅ በዚያ ነው። ፍም ሲፈለግ በዚያ ነው። እናቴ አለንጋ ስታነሳ የማመልጠውም በዚያው ነው። እትየ ነበር የምንላቸው። ሰፈሩ በሙሉ እትየ ነበር የሚላቸው፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሳይቀሩ።

ታዲያ እንዴት አልሰማህም ትሉኝ ይሆናል። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሌላ አገር አይደለም። ጥፋቱ የስልኬ ነው። ማለቴ የእኔ። ቅሬያችን የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈተ ቆይቷል። በየማለዳው አበባና ጥቅስ ያለበት ምስል የሚልክ አንድ ሰው አለ፤ በእሱ ተማርሬ የግሩፑን ድምፅ አጠፋሁት። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ተቀምጬ እንዲያው ከፈት ባደርገው፣ ከላይ እስከ ታች አንዱ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላል፣ ቀጥሎ ያለው «ነፍስ ይማር» ይላል፣ እንደገና «ኢና ሊላሂ»፣ እንደገና «ነፍስ ይማር»። የማን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ላይ ስገፋ፣ ስገፋ፣ ስማቸውን አገኘሁት። ከሁሉ በታች ደግሞ ቀብር ያልተገኙ አባላት ዝርዝር ከነመቀጫቸው ተለጥፏል። እኔ አራተኛ ነኝ።

መቀጫው አልከበደኝም። የከበደኝ ለልጃቸው ስደውልላት የምላት ነገር ነው። «አልሰማሁም» ይባላል? በአንድ አጥር?

ለማታውቁ፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። ድንኳን፣ ወንበር፣ ቃሬዛ፣ ትልልቅ ድስት አለው። በየወሩ መዋጮ አለው። ዋናው ሥራው ግን ሰው ሲሞት ሰው እንዲቆም ማድረግ ነው። እኛ ሰፈር ቅሬው የእስላም፣ የክርስቲያን ተብሎ የተከፈለ አይደለም። የእስላም ቀብር ሲሆን ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ግማሾቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሶላቱ ሲሰገድ ዳር ላይ አካፋቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። የክርስቲያን ሲሆን ደግሞ ሙስሊሞቹ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸክመው ያደርሳሉ፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ እዚያው ግንብ ጥግ ይጠብቃሉ። ከቀብር መልስ የሚቀርበው ንፍሮ ነው። ለምን ንፍሮ እንደሆነ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ ማንም የባረከው የለም። ማንም ሰው ከማንም እጅ ዘግኖ ይበላዋል።

ቴሌግራም ከመምጣቱ በፊት ለፋፊ ነበረን። እኛ ልጆቹ አባባ ጡሩንባ ነበር የምንላቸው። ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ፣ ጉሙ ገና ከጦሳ ተራራ ሳይነሳ፣ ውሻው ሳይቀር ዝም ባለበት ሰዓት ድምፃቸው ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ጡሩንባው። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አያቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ ትንፋሿን ትውጣለች። እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ እስባለሁ። ስሙ እስኪነገር ያለችው ያቺ ጊዜ አሁንም ድረስ ሆዴን ታላውሰኛለች።

እንግዲህ እትየ በእሳቸው ዘመን ቢሞቱ ኖሮ ኮምቦልቻ ሆኜም እሰማ ነበር። እንዴት? አንዱ የሰማ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ይወጣል፣ ሐረጎን ሲወርድ ለረዳቱ ያወራል፣ ረዳቱ መናኸሪያ ላይ ያገኘኛል፣ ወይ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ይነግረኛል። «ላልሰማ አሰማ» የተባለ ሰው ኃላፊነት አለበት። ቴሌግራም ላይ ግን ሁሉም ሌላው የሰማ ይመስለዋል። መነበቡን የሚያሳየውን ምልክት አይቶ ይተኛል።

ለቅሶ የደረስኩት በአራተኛው ቀን ነው። ልጃቸው ምንም አላለችኝም። ቡና ቀዳችልኝ። ይሄ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

በዚያው ሰሞን ነው የአያቴን ቤት ልናከራይ ያጸዳነው። አያቴ ከሞተች ቆየች። ዕድሜዋን በዓመት አትቆጥርም ነበር፤ «ቦምብ ሲወርድ ጡት ላይ ነበርኩ» ትላለች። ቦምቡ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴ ላይ የጣሉት ነው። ያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ደሴ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም አልተረፈም። አያቴን በጀርባዋ አዝላ የሮጠችው እናቷ ስለ ፎቶው አታውቅም። የምታውቀው የሸሸችበትን ቤት ነው። ያ ቤት ደግሞ የእትየ ቤተሰብ ቤት ነበር። የዚያን ዕለት ምን ተበላ ብዬ አያቴን ስጠይቃት «ቆሎ» አለችኝ። «ሥጋማ ቢኖርም የእነሱ ነው፣ አንበላም። ቆሎ ግን የማንም ነው።»

የ2014ቱን ጦርነት አላየችም። እኛ ግን አየነው። ከተማዋ በጥቅምት ተይዛ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቤቱ ተዘግቶ ከረመ። ስንመለስ አልተዘጋም፤ ተከፍቶ ነው የጠበቀን። ቴሌቪዥኑ፣ ሲሊንደሩ፣ ፍራሹ፣ የጓዳው በር እንኳ ሳይቀር ሄዷል። ያን ጊዜ የቀረውን ማየት ለማንም ትዝ አላለውም፤ የሄደውን ነበር የምንቆጥረው። ዘንድሮ ስናጸዳ ግን ጓዳ ግድግዳው ላይ፣ ከምስማሯ ሳትነቃነቅ፣ አንዲት ብረት ድስት ተሰቅላ አገኘሁ።

ላሳያችሁ። ትንሽ ናት፤ ለአራት ሰው ብትበቃ ነው። ታችዋ በጭስ ጠቁሯል፣ ውስጧ ግን ብር ይመስላል። አንዱ ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ታስሯል። ክሩ ከምን እንደተመዘዘ አላውቅም፤ ከመቀነት ይመስላል። ለብዙ ዓመት በውሃና በአመድ ስለታጠበ ቀይነቱ ወደ ጡብ ቀለም ሄዷል። ቋጠሮው ግን አልላላም።

የእህቴ ልጅ አንስታ «ይቺ ቆንጆ ናት፣ አበባ እተክልባታለሁ» አለች። «ክሩስ ምንድን ነው? ለቡዳ ነው?» አለችኝ።

አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ደሴ ተወልዳ ደሴ አድጋለች። ታሪክ ከክፍሏ አንደኛ ናት። የዚችን ድስት ነገር ግን የነገራት ሰው የለም። እኔም አልነገርኳትም። ያቺ ድስት የእነ እትየ ድስት ናት። አያቴ ቤት ትቀመጣለች እንጂ የአያቴ አይደለችም። የክርስቲያን ሥጋ ነክቷት አያውቅም። እትየ ወይ ልጆቻቸው እኛ ቤት ሲበሉ የሚበሰልላቸው በእሷ ነው፤ ሥጋ ከሆነ ሥጋውን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፣ አያቴ ሽንኩርቱን ታቁላላለች። ክሩ የታሰረው አንድ ቀን እናቴ ልጅ ሆና ተሳስታ የገና ዶሮ ልታሞቅባት ስትል ነው አሉ። አያቴ ድስቷን ነጥቃ አዲስ ድስት ገዛች፣ ክር አሰረች። አሮጌዋ ድስት የእኛ ሆነች።

እዚያ ማዶ ደግሞ፣ እትየ ቤት፣ የእኛ ድስት ነበረች። በጾም ቅቤ ያልነካት፣ በፍስክ ሥጋ ያልነካት። እሷ ክር አልነበራትም፤ ከንፈሯ ላይ የተሰረጎደ ቦታ ነበራት። በዓቢይ ጾም በአጥሩ ቀዳዳ ሽሮ ስትመጣ በእሷ ነው የምትመጣው። እኔ ያንን ስርጉድ በጣቴ እየዳሰስኩ አድጌአለሁ።

ድስቷን ይዤ ወደ ልጃቸው ሄድኩ። «ይቺ የእናንተ ናት» አልኳት። ገልበጥ አድርጋ አየቻት። ክሩን በአውራ ጣቷ ፈተገችው። «እኔኮ አሁን ካፌ ነው የምበላው፣ ማን ድስት ይጠይቃል» አለች። ቆይታ ደግሞ «የእናንተዋን ቆራሌው ወስዷታል። ሦስት አሮጌ ድስት ሰጥቼ አንድ የፕላስቲክ ባሊ ተቀበልኩ» አለችኝ። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ድስቷ አሁን እኔ ዘንድ ናት።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ አንድ ስብሰባ ነው። ቅርስ ስለመጠበቅ ነበር። ስለ አይጠየፍ ብዙ ተወራ። ሊወራም ይገባል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ልጅ እያለን ከትምህርት ቤት ወስደውን ነበር። የማስታውሰው አዳራሹ ትልቅ መሆኑንና ድምፅ መመለሱን ነው። አንዱ ልጅ «እናቴ!» ብሎ ጮኸ፣ ግድግዳው «እናቴ» ብሎ መለሰለት፣ መምህሩ ጆሮውን ቆነጠጡት። ስለ ስሙ የተነገረን አንድ አረፍተ ነገር ነው፦ ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉም የሚበላበት ስለሆነ አይጠየፍ ተባለ።

ስሙን እወደዋለሁ። ቤተ መንግሥት ሲሠራ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ስም ከፍታን፣ ግርማን፣ ድልን የሚናገር ነው። ይሄ ግን የጠባይ ስም ነው። እንዲያውም አሉታ ነው፤ የማያደርገውን ነው የሚናገረው። አይጠየፍ። ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ የሚናገረው ይመስላል። «እሱ እኮ ሰው አይጠየፍም።»

አዳራሹን ያሠሩት ሰውም የዋዛ ሰው አይደሉም። የተወለዱት መሐመድ ዓሊ ተብለው ነው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስና ምኒልክ ባሉበት ጉባኤ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ነው ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት። ራስ ሆኑ፣ ዓድዋ ዘመቱ፣ የምኒልክን ልጅ አገቡ፣ ልጅ ኢያሱን ወለዱ፣ በ1906 ነገሡ። በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ሁለት ስም፣ ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ አዳራሽ።

የወሎ መቻቻል ሲወራ አንዳንዴ እንደ ጠል ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ቴሌቪዥን ላይ በተለይ። አይደለም። ያ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለወሎ ሙስሊም «ተጠመቅ» የሚል ትእዛዝ ይዞ ነው የመጣው። እሺ ያለ አለ፣ የተሰደደ አለ፣ እንደ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ተነስተው ተዋግተዋል። አያቴና እትየ ያንን ሁሉ አያውቁም ማለት አይደለም። በየቤታቸው ሲወራ ሰምተው ነው ያደጉት። የእትየ አያት ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆነው የኖሩበትን ዘመን ይተርኩ ነበር ይባላል። እና እንዲህ ዓይነት ታሪክ ተሸክመው ነው ሁለቱ ሴቶች ሁለት ድስት የለዩት። የእኔ ሥጋ ላንቺ አይሆንም፣ ያንቺም ለእኔ። እንግዲያው ድስት እንለይ፣ አብረን እንብላ። ሲያዩት መለየት ይመስላል። አንድ ማዕድ ላይ ያስቀመጣቸው ግን ያ መለየት ነው።

ለዚህ ነው ስብሰባው ላይ የተናደድኩት። አይጠየፍ ይታደስ ሲባል እስማማለሁ። ጣሪያው ይጠገን፣ ግድግዳው ይጠገን። ግን አይጠየፍ የተባለው ጣሪያው ነው እንዴ? የአጎቴ ሠርግ ትዝ አለኝ። አንድ ዳስ፣ ሁለት ጓዳ። በሬውን የኛ ሰው ባረከው። በጎቹን የእትየ ባል ቢስሚላህ ብለው አረዱ። የወጥ ጭልፋ እንኳ እንዳይቀያየር አንዱ ጓዳ በር ላይ አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ውላለች። ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ያ ብቻ ነበር፤ ጭልፋ መጠበቅ። ማንም ፎቶ አላነሳትም። ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ስለዚህ ልናገር አልኩና ተውኩት። ስለ ድስትና ጭልፋ ምን ብዬ ልጀምር?

ደሴ ውስጥ ስሞች ከነገሮች በላይ ይኖራሉ። ይህን እንደ ጨዋታ አድርጌው በእግሬ ስሄድ እቆጥራለሁ። ቧንቧ ውሃ ሲባል ያኔ ቧንቧ ብርቅ ነበር፤ አሁን ቧንቧው የየግቢው ነው፣ ውሃው ነው ብርቅ። ሰኞ ገበያ ሳምንቱን ሙሉ ይሸጣል። ሸዋ በር ላይ በር የለም። ፒያሳ ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ጥሎት የሄደ ቃል ነው። ደሴ ራሷ፣ እንደሚተረከው፣ አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጭራ ያለው ኮከብ አይተው ተደስተው ያወጡላት ስም ነው። ኮከቡ ሄዷል። ደስታውም እንደየሰዉ ነው።

ኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ሐረጎን ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ፤ ጉሙ ከኋላ ይቀራል፣ ሙቀቱ ከፊት ይቀበላችኋል። ሜዳው ላይ የባቡር ጣቢያው አለ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ ነው። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ቦርሳ ገዝቶ የተዘጋጀ ጓደኛ አለኝ። ከዚያ መብራት ቀረ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያ ዝርፊያ። አንድ እሁድ ሄጄ በሩቁ አየሁት። ፍርስራሽ አላሳዝን ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። የአያቴ ጓዳ የሚያፈስ ጣሪያ ነው ያለው፣ ግን ቁጭ ብትሉበት አንድ ነገር ይነግራችኋል። ጣቢያው ላይ ማንም ማንንም ሸኝቶ አያውቅም። ማንም አላለቀሰበትም። ምን ያውራ? ቢሆንም እንደ ቧንቧ ውሃ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሐዲዱ ቢሠራም ባይሠራም፣ አንድ ቀን የታክሲ ረዳት «ባቡር! ባቡር! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራበት ይሰማኛል።

ከፋሲካ በኋላ አባባ ጡሩንባን ፈለግኳቸው። አሉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ጡሩንባቸውን ያሳዩኝ ዘንድ ጠየቅኩ። ከአልጋ ሥር ከጨርቅ ጋር አወጡት። ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፣ መገጣጠሚያው በብየዳ ሳይሆን በመታጠፍ ነው የተያያዘው። አፉ ላይ ጨርቅ ተወትፏል።

«ይሄ ለምንድን ነው አባባ?»

«የልጅ ልጆቼ እንዳይነፉት። ያለ ሞት አይነፋም።»

ስለ ሥራቸው ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። እኔ መለፈፍ መጮህ ይመስለኝ ነበር። ቅደም ተከተል አለው። ስም መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ «ቀብር አለ»፣ ከዚያ የት፣ ከዚያ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ ነው ማን። ለምን? «ስሙን ካስቀደምክ ሰው ይጮሃል፤ የቀረውን ማን ይሰማሃል?» የእስላም ከሆነ ደግሞ የዚያኑ ቀን ስለሚቀበር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራሉ፣ ቆፋሪው እንዲደርስ። የክርስቲያን ከሆነ እስኪነጋጋ ይታገሳሉ።

በጣም የገረመኝ ግን የሚዘሏቸው ማዕዘኖች ነገር ነው። ሟቹ እህት ካለው፣ ወይ ሌላ ቤት የተዳረች ልጅ ካለችው፣ መርዶ ሳይነገራት ከጡሩንባ መስማት የለባትም። ስለዚህ በእሷ ቤት አጠገብ አይጣሩም። ሽማግሌዎች ገብተው እስኪያረዷት ያንን ጥግ ይዘሉታል፤ ዞረው ከታች ይጣራሉ፣ ነፋሱ ወደ እሷ ቤት የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «የነፋሱን አቅጣጫ ሳላይ ወጥቼ አላውቅም» አሉኝ። ያን ጊዜ የሰፈሩን ዝምድና ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው ነበር ማለት ነው። ማን የማን እህት ናት፣ ማን ነፍሰ ጡር ናት፣ ማን የልብ ሕመም አለበት። እኔ ስለ እትየ ሞት ያነበብኩት መልእክት ጅዳ ያለችው ሁለተኛ ልጃቸውም ጋ ደርሷል። በዚያው ሰከንድ። ሰው ቤት ወለል እየወለወለች ሳለ ነው ያነበበችው አሉ። ማንም ሽማግሌ አልቀደመውም።

«የትኞቹ ቦታዎች ላይ ነበር የሚጣሩት?» አልኳቸው።

«ና ላሳይህ» ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

ሰባት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ጀመርን። አንደኛው ወፍጮ ቤቱ ጥግ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ አሁን የሞባይል መሸጫ ነው። ሁለተኛው አንድ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ ተነስቷል፣ እሳቸው ግን በእግራቸው ዳብሰው ልክ ቦታው ላይ ቆሙ። ሦስተኛው ላይ የባህር ዛፎቹ የሉም። አራተኛው አጥራችን ነው። ቀዳዳው በብሎኬት ተደፍኗል። አባባ እዚያ ትንሽ ቆዩ። «እትየ ጋ አልጣራም ነበር፣ ሁልጊዜ ነቅተው ነው የሚያገኙኝ። ሱብሂ ሊሰግዱ ውዱእ እያደረጉ» አሉ።

አምስተኛው ቦታ አሁን አራት ፎቅ ሕንጻ ነው። ጥበቃው «ምን ፈለጋችሁ?» አለን። «ምንም» አልነው። አባባ ሕንጻውን ከታች ወደ ላይ አዩት። «ከዚህ ብትጣራ ታች ያሉት አይሰሙም» አሉ። «ግድግዳው ይመልሰዋል።»

ስድስተኛው ላይ ነው ጥፋት የሠራሁት። ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ከታች የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ማዶ አዝዋ ገደል ይታያል። «አባባ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ እንደ ድሮው ያሰሙኝ» አልኳቸው። እምቢ አሉ። ለመንኳቸው። ስልኬን አውጥቼ ልቀዳቸው እንደፈለግኩ አይተዋል። በመጨረሻ «ያለ ጡሩንባ ከሆነ» አሉ። ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ሰውነት ውስጥ ያ ድምፅ መኖሩን ማን ያምናል።

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ከታች ውሻ ጮኸ። አንድ ልጅ ኳሱን ይዞ ቆመ። ከዚያ ቀኝ ባለው ግቢ የቆርቆሮው በር ሲጢጥ አለ። አንዲት እናት እየሮጡ ወጡ። ጫማቸው የተለያየ እግር ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ መቼ እንዳዘቀዘቁት እንጃ፣ ከጓዳ እስከ በር ባለው ርቀት መሆን አለበት። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው።

«ማን ነው? ማን ነው አያ?»

አባባ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ አዩ። እኔ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

«ማንም አይደለም እትየ» አልኳቸው። «የእኔ ጥፋት ነው። ማንም አልሞተም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። አባባን ደግሞ በደንብ ተቆጧቸው፤ በዚህ ዕድሜዎ፣ ያለ ሞት፣ ልቤን አወረዱት፣ ልጄ መንገድ ላይ ነው እኮ። አባባ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ልጅ ሰሙ። ከዚያ ሴትዮዋ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ነጠላቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ጥለቱን ወደ ታች መልሰው አጣፉ፣ ጠርዙን በሁለት ጣታቸው እያለሰለሱ።

«በሉ ግቡ» አሉን። «ቶናው እንዳይቀዘቅዝ።»